ለዲናሞው እዘንለት

ልጄ፣ ሞተርሆም ገዝተህ ልጆቹን ይዘህ ከላስ ቬጋስ ልትወጣ መሆኑን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ሊቲየም ባትሪና ኢንቨርተር ልታስገባበት እንዳሰብክ ስሰማ ግን ይህን ሳልነግርህ መተው አልሆነልኝም። ዕድሜዬን የጨረስኩት በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ነው፤ ተቃጥሎ የመጣ ዲናሞ በፈታሁ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የማገኘው ገዳይ ሙቀት ነው።

ዲናሞው ላይ 150 አምፒር የሚል ጽሑፍ ታያለህ። ያ ቁጥር የተለካው ዲናሞው በደቂቃ 6,000 ዙር እየዞረ፣ አየሩም ቀዝቀዝ ባለበት ነው። ሲግል አምፒሩ ይቀንሳል። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ደግሞ ዲናሞው 2,000 ዙር ገደማ ብቻ ስለሚዞር የሚሰጠው ከግማሽ በታች ሊወርድ ይችላል፤ የራሱ ማቀዝቀዣ ፋንም አብሮ ይደክማል። ስለዚህ መኪና አቁሞ፣ ሞተር አስነስቶ፣ የሊቲየም ባትሪውን በሚኒሞ ልሙላ ማለትን እርም በል። ዲናሞ ለመግደል ከዚህ የፈጠነ መንገድ አላውቅም።

ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ ልንገርህ። ዲናሞ ከሞተሩ ከሚወስደው ጉልበት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው አብዛኛውን ጊዜ 60 በመቶ ያህሉን ነው፤ ቀሪው ሙቀት ነው። 100 አምፒር በ14 ቮልት 1,400 ዋት ይሆናል። ይህን ሲሰጥ ከ900 ዋት በላይ እዚያችው ትንሽ ብረት ውስጥ ይነዳል። መጀመሪያ ዳዮዶቹ ይሄዳሉ፤ የሽቦው ቫርኒሽ ያርራል፤ የኩሽኔታው ግራሶ ይደርቃል።

የድሮው የአሲድ ባትሪ እየሞላ ሲሄድ እንደ ጨዋ እንግዳ «በቃኝ» ይላል፤ የሚወስደው አምፒር በራሱ ይቀንሳል። ሊቲየም ግን እስኪሞላ ድረስ ያገኘውን ሁሉ ይጎትታል፤ አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ሳያርፍ። የመኪና ዲናሞ ደግሞ የተሠራው ሞተሪኖው የቀነሰውን ቶሎ ተክቶ፣ ከዚያ መብራትና ፋን እየነዳ እንዲሄድ ነው። ሌላም አደጋ አለ፦ የሊቲየሙ መቆጣጠሪያ ድንገት ቢዘጋና ዲናሞው ሌላ የሚቀበለው ባትሪ ባይኖረው፣ ቮልቴጁ ባንዴ ዘልሎ ዳዮዱንም የመኪናውን ኮምፒዩተርም ሊያቃጥል ይችላል።

ስለዚህ የመኪናውን ባትሪና ሊቲየሙን በወፍራም ገመድና በሪሌ ብቻ እንዳታገናኝ። መሀላቸው ዲሲ ቱ ዲሲ ቻርጀር ይግባ፤ የሚያልፈውን አምፒር ይገድባል፣ ለሊቲየሙም የሚስማማውን ቮልቴጅ ይሰጣል። ስንት አምፒር ትለኝ እንደሆን፣ እኔ ለረጅም ጉዞ ከተጻፈው ግማሹን አላልፍም። የ150 ግማሽ 75 ነው። መኪናው ራሱ ለመብራት፣ ለፋንና ለነዳጅ ፓምፕ 40 ያህል ቢወስድ፣ ለቻርጀሩ 30 ይበቃዋል። አነሰ አትበል። ከቬጋስ እስከ ግራንድ ካንየን ደቡባዊ ጫፍ አራት ሰዓት ተኩል ያህል ብትነዳ፣ 30 አምፒር ባትሪህ ውስጥ ከ120 አምፒር ሰዓት በላይ ያስገባልሃል። ለማታው ፍሪጅና መብራት ይተርፋል። ጣሪያው ላይ ሶላር ካለህ ደግሞ የዲናሞው ሸክም ይቀላል።

ማይክሮዌቭ በኢንቨርተር ስትሠራ 1,500 ዋት ከ12 ቮልት ባትሪ 140 አምፒር ገደማ ይስባል። ያ ከሊቲየሙ ይውጣ እንጂ ከዲናሞው አይሁን፤ ቻርጀሩ መሀል ካለ ዲናሞው ከቻርጀሩ ገደብ የሚበልጥ ሸክም አይሰማውም።

በበጋ ከሎስ አንጀለስ ስትመለስ፣ ከቤከር እስከ ማውንቴን ፓስ ያለው ዳገት ከ1,000 ሜትር በላይ ያስወጣሃል፤ ውጭው ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ኮፈኑ ስር ያለው አየር ከዚያ የባሰ ነው። ዳገቱን ሳትጀምር ቻርጀሩን አጥፋው፤ ማብሪያ ማጥፊያውን መሪው አጠገብ ያስገጠምክ እንደሆነ ሳትቆም ታደርገዋለህ።

ችንጋውን በየጉዞው እየው። ከላላ ይንሸራተታል፣ ፑሊውን ያግላል። ባትሪውን ከሻሲው ጋር የሚያስረውን የኔጋቲቭ ገመድም ፈትተህ አጽዳው፤ ዲናሞ ሞተ ተብለው ከሚመጡልኝ ውስጥ ገመዱ ብቻ የዛገበት አለ።

ዲናሞ ከቀየርክም የሞተውን ባትሪ በአዲሱ ዲናሞ ለመሙላት አትሞክር። መጀመሪያ ባትሪውን በግድግዳ ቻርጀር ሙላና ከዚያ ሞተሩን አስነሳ።