ስለ ቡና ቁጠባ

ቁጠባ መልካም ጠባይ መሆኑን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ተማርሁ፤ በኋላም መምህር ሆኜ ለብዙ ዓመት አስተማርሁት። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ግን አንድ ጀበና ቡና ይህን ትምህርቴን ፈተነው።

ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ቡና የማፈላው ራሴ ነኝ። ዋጋው ሲወደድብኝ ከዱቄቱ እኩሌታውን ቀንሼ በተቆላ ገብስ ተካሁት፤ አተላውንም ሳልደፋ ለማግሥቱ አሳድረው ጀመር። አንድ ቀን ጧት ቀድሞ ያስተማርሁት ልጅ ሌሊቱን የጭነት መኪና ሲነዳ አድሮ፣ ገና ብዙ መንገድ እየቀረው ሊጠይቀኝ ጎራ አለ። «ጋሼ፣ እንቅልፍ እንዳይጥለኝ አንድ አቦል ይስጡኝ» አለኝ። እኔም ያደረውን አተላ በአዲስ ውኃ አፍልቼ «እነሆ አቦል» ብዬ ቀዳሁለት። እሱም አመስግኖኝ ሄደ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ነገሩ ቀላል አይምሰልህ። በቡና ውስጥ እንቅልፍን የሚያባርረው ነገር ካፌይን ይባላል፤ ሩንጌ የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1819 ዓ.ም. ለይቶ አውጥቶታል። በፈላ ውኃ ፈጥኖ ስለሚሟሟ አብዛኛው ከአቦሉ ጋር ይወጣል፤ ለቶናና ለበረካ የሚተርፈው ጥቂት ነው። መዓዛውም እንዲሁ ቀድሞ ያልቃል። ደጋግሞ የፈላ አተላ የሚሰጠው ምሬት ግን ምላስን ያታልላል፤ የመረረ ሁሉ ብርቱ ይመስለናልና። ገብስማ ሲኒውን ቢያጠቁረውም ካፌይን የሚባል የለበትም። ልጁ የሄደው ጥቁር መራራ ውኃ ጠጥቶ፣ ነቅቻለሁ ብሎ ነው።

እናቴም ቆጣቢ ነበረች። አንድ እፍኝ ቡና ሦስት ጊዜ ስታፈላ አቦሉን ለእንግዳ ትሰጥና የቀጠነውን ራሷ ትጠጣ ነበር፤ ለሰው የምትሰጠው የቀጠነ እንደ ሆነም «ቀጥኗል፣ ይቅር በሉኝ» ትል ነበር። እሷ የምትቆጥበው ከራሷ ሲኒ ነው፤ እኔ ግን ከሰው ሲኒ ቆጠብሁ፤ ስሙንም ለወጥሁ።

ድህነትን መናገር ያሳፍራል ትለኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ዝም ያሰኘኝም ይኸው እፍረት ነው። ነገር ግን ብነግረው ኖሮ ልጁ ወይ ከመንገድ ዳር ሌላ ቡና ይጠጣ፣ ወይ እኔ ዘንድ ጥቂት ተኝቶ ይሄድ ነበር። ይህን ምርጫ ወሰድሁበት።

ማታ በደኅና መግባቱን በስልክ ነገረኝና ስለ ቡናው ደግሞ አመሰገነኝ። ገብሱን አልተውሁም፤ አቅሜ አይፈቅድም። አሁን ለሚመጣው እንግዳ ሁሉ ሳልቀዳ በፊት እናገራለሁ። ለእሱ ግን እስከ ዛሬ አልነገርሁትም።