ማንም ያላየውን መምሰል

ዓሣ አንበሪን በስም የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ የለም። ያየው ግን ስንቱ ነው? ደጋ ላይ ተወልዶ፣ ደጋ ላይ አርጅቶ፣ ከጣና ሌላ ትልቅ ውኃ ሳያይ ያለፈ ሰው እንኳ ስሙን ከነግዝፈቱ ይዞት ኖሯል። የነቢዩ ዮናስን ታሪክ ሲሰማ በልቡ አንድ ነገር ስሏል። ያ የሳለው ነገር እውነተኛውን ዓሣ አንበሪ ይምሰል አይምሰል የጠየቀው የለም፤ መጠየቅም አያስፈልግም ነበር። ሥዕሉ የራሱ ነዋ! ከማንም አልተቀበለውም፤ “ቁርጥ ይኸው ነው” ብሎ ያረጋገጠለትም ሰው የለም።

ዛሬ እንዲህ በልብ መሳል እየቀረ ነው። የባሕር ፍጡር ከነቅርፊቱ፣ ከነጠባሳው፣ ከነዓይኑ አበራር ተሠርቶ ስክሪን ላይ ይመጣልናል። የሠራው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ጥልቅ ባሕር ወርዶ አያውቅም። እኛም አልወረድንም። እንዲያም ሆኖ እሱ “እውነተኛ እንዲመስል ለፋሁ” ይላል፤ እኛም “ወይ ጉድ፣ እውነተኛ ይመስላል!” እንላለን። ለመሆኑ ሁለታችንም ያላየነውን ነገር ከምን ጋር አስተያይተን ነው እንዲህ የተስማማነው? ነገሩ ሲታይ የባለሙያዎች ጉዳይ ይመስላል። እኔ ግን የግብረገብ ጥያቄ ነው እላለሁ። ማንም አይቶ የማያስተባብለውን ነገር “እውነተኛ” አድርጎ የሚሠራ ሰው ዕዳው ለማን ነው?

ሥራውን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ዚብረሽ የሚባለው ፕሮግራም በ1999 ብቅ ካለ ወዲህ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኮምፒዩተር ቅርፅ ማውጣት የሸክላ ሠሪን እጅ እየመሰለ መጥቷል። ብሌንደር የተባለው ሌላው ፕሮግራም ደግሞ በነፃ የሚገኝ ነው፤ ደህና ኮምፒዩተር ያለው ሁሉ ሊሞክረው ይችላል። ቀራፂው ከአንዲት ኳስ ይጀምራል። በኤሌክትሮኒክ ብዕር እየጎተተ፣ እየገፋ፣ እየፋቀ፣ እያለሰለሰ ይሄዳል። የኳሷ ገጽ በጥቃቅን አራት ማዕዘኖች የተከፋፈለ ነው፤ “ከፋፍል” ብለው ባዘዙት ቁጥር እያንዳንዷ አራት ትሆናለች። 1,000 የነበረው 4,000፣ ከዚያ 16,000 እያለ በስድስተኛው ትእዛዝ ከ4 ሚሊዮን ያልፋል። እዚያ ሲደረስ የቆዳን ቀዳዳ ሳይቀር መቅረጽ ይቻላል። ግማሹን ፊት ሲሠሩት ሌላው ግማሽ እንደ መስተዋት ራሱን በራሱ ይሠራል። (ባሕር ውስጥ ግን ይህን ሕግ የማያከብሩ አሉ። እነዚያ ጠፍጣፋ ዓሦች ሲወለዱ እንደማንኛውም ዓሣ ግራና ቀኝ ዓይን አላቸው፤ እያደጉ ሲሄዱ አንደኛው ዓይን ተሻግሮ ከወንድሙ ጎን ይቀመጣል። ይህን የፈጠረው ቀራፂ ቢሆን ኖሮ “አበላሸኸው” ባልነው ነበር።)

አንድ የማውቀው ወጣት አለ። ቀን የማስታወቂያ ሥራ ይሠራል፤ ማታ ማታ የባሕር ፍጡር ይቀርፃል። በቅርቡ ያሳየኝ፣ በጥልቅ ባሕር የሚኖረውንና ከግንባሩ ላይ እንደ ፋኖስ ብርሃን የሚያንጠለጥለውን ዓሣ ነው። ጥርሱ መርፌ፣ ሆዱ ስልቻ። መንጋጋው ላይ ከዓይኑ ሥር እስከ ከንፈሩ የወረደ ጠባሳ አለበት።

“ይህ ጠባሳ ከምን መጣ?” አልኩት።

“ከምንም አልመጣም። ግን ጋሼ፣ ጠባሳ የሌለውን ማን ያምነዋል?”

መልሱ ቀልድ አልነበረም፤ በሙያው ውስጥ የታወቀ ዘዴ ነው። ቢሆንም ቤቴ ስገባ አብሮኝ ገባ። ጠባሳ ታሪክ ነው። ጠብ ነበረ፣ ቆስዬ ነበር፣ ድኛለሁ ይላል። ይኸኛው ጠባሳ ግን ላልነበረ ጠብ ምስክር ሆኖ ቆሟል፤ እኛም ምስክርነቱን ተቀብለን ስለሌላው አካል ሁሉ እናምነዋለን።

ሌላም ነገር ነበር። ዓሣው ገና አሁን ከውኃ እንደወጣ ያብረቀርቃል። ይህን ማብረቅረቅ ልጁ ከየት አመጣው? ከዓሣ መሸጫ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነዋ! ርጥብ ነገር የሚያብረቀርቀው አየር ላይ ሲሆን ነው፤ ብርሃኑ የሚያንፀባርቀው አየሩና ስስ የውኃው ሽፋን ከሚገናኙበት ገጽ ላይ ነው። ውኃ ውስጥ ያለ ፍጡር እንዲህ ያለ ሽፋን የለውም (የአንዳንድ ዓሦች ቅርፊት እንደ ብር ማንፀባረቁ ሌላ ነገር ነው)። ባጭሩ፣ ውኃ ውስጥ ያለ ነገር ርጥብ አይመስልም። ይህንኑ ነገርኩት። ልጁ ጨዋ ነው፤ አልተከራከረኝም። ማብረቅረቁን አጠፋው። ዓሣው ወዲያው ሞተ። ደረቅ ጎማ መሰለ። ሁለታችንም ዝም ብለን አየነው፤ ከዚያ መልሶ አበራው።

እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ልጁ የሚመስለው ባሕሩን አይደለም፤ የእኛን ልማድ ነው። የተመልካቹን ዓይን ያስተማሩት ከዚህ በፊት ያያቸው ሥዕሎችና ፊልሞች ናቸው፤ አዲሱ ሥዕል ከነሱ ጋር ሲስማማ “እውነተኛ” ይባላል።

እዚህ ላይ መቸኮል አልፈልግም፤ ማንኛውም ማስዋብ ሐሰት ነው ልል አይደለም። ፀሐይ ውኃ ውስጥ ስትገባ በመጀመሪያ የሚጠፋው ቀዩ ብርሃን ነው። ከ200 ሜትር በታች ድንግዝግዝ ነው፤ ከ1,000 ሜትር በታች የፀሐይ ብርሃን ጨርሶ አይደርስም። በ2020 የታተመ አንድ ጥናት ደግሞ ቢያንስ 16 የጥልቅ ባሕር ዓሦች ቆዳቸው ከሚነካው ብርሃን ከ99.5 በመቶ በላዩን ውጦ እንደሚያስቀር አረጋግጧል፤ ከመካከላቸው ዋናው ጥቁር የዚያ የባለ ፋኖሱ ዓሣ ዘመድ ነው። ስለዚህ እውነቱን ብቻ እንሥራ ከተባለ ልጁ ሊያስረክበን የሚችለው አንድ ጥቁር ስክሪን ነው። መብራት ማብራት ግድ ነው። ያበራነው እኛ መሆናችንን ግን ሁላችንም እናውቃለን፤ በማናውቀው ነገር መታለል ከዚህ የተለየ ነው።

የብሎብፊሽን ነገር ላንሳ። አንባቢ ፎቶግራፉን ሳያይ አልቀረም፤ ሮዝ፣ ልፍስፍስ፣ አፍንጫው የተንጠለጠለ፣ አፉ ወደታች የወረደ፣ ያዘነ ሽማግሌ የሚመስለው ዓሣ። ፎቶግራፉ በ2003 ከኒውዚላንድ ሰሜን ምዕራብ ባለው ባሕር ላይ ይሠሩ በነበሩ ተመራማሪዎች ጉዞ የተነሣ ነው። በ2013 ይኸው ዓሣ በሕዝብ ድምፅ የዓለም አስቀያሚ እንስሳ ተብሎ ተመረጠ (ድምፁን ያሰባሰበው ማኅበር ዓላማው መልካም ነበር፤ መልክ ስለሌላቸው የተረሱ እንስሳትን ማስታወስ)። ነገር ግን ያ ፊት የዓሣው ፊት አይደለም! ዓሣው የሚኖረው ከ600 እስከ 1,200 ሜትር ጥልቀት ነው። ውኃ በየ10 ሜትሩ አንድ የአየር ግፊት ያህል ይጨምራልና እዚያ ያለው ግፊት ከ60 እስከ 120 እጥፍ ነው። ሥጋው ልክ እንደ ጄላቲን ነው፤ ቅርፁን የሚይዝለት የውኃው ግፊት ነው። በመረብ ተጎትቶ ሲወጣ ይፈርሳል። በቤቱ ሳለ ራሱ ተለቅ ያለ፣ ወደ ጭራው የሚቀጥን ተራ ዓሣ ነው። እኛንም አንዱ ያለ ልብስና ያለ አየር ጨረቃ ላይ አውጥቶ ፎቶግራፍ ካነሣን በኋላ ስለ መልካችን ድምፅ ቢያሰጥ ምን እንባል ይሆን?

አሁን አንድ ትጉህ ቀራፂ ያንን ፎቶግራፍ ከጎኑ አስቀምጦ ሲሠራ ይታያችሁ። እያንዳንዷን እጥፋት ይለካል፤ የአፍንጫውን አወራረድ ሦስት ቀን ይታገለዋል። ለፎቶግራፉ ፍጹም ታማኝ ነው። ለዓሣው ግን በታመነ መጠን እየበደለው ይሄዳል፤ የቀረፀው ሬሳ ነዋ። ስንፍና ቢሆን ኖሮ መውቀስ በቀለለኝ ነበር።

“ጥበብ ነው፤ ማን ተጎዳ?” የሚለኝ አይጠፋም። በ1975 ‘ጆውስ’ የተባለው ፊልም ሲወጣ ሻርኩ ከብረትና ከጎማ የተሠራ ማሽን ነበር፤ ፍርሃቱ ግን እውነተኛ ሆኖ ባሕር ዳር ድረስ ወረደ። ፊልሙ የተመሠረተበትን ልብ ወለድ የጻፈው ፒተር ቤንችሊ በኋለኛው ዘመኑ፣ በ2006 እስከሞተበት ጊዜ፣ ለሻርኮች ጠበቃ ሆኖ ኖሯል። በ2021 የወጣ ጥናት እንደሚለው ከ1970 ወዲህ በውቅያኖስ የሚኖሩ ሻርኮችና ራያ የተባሉት ጠፍጣፋ ዘመዶቻቸው ቁጥር በ71 በመቶ ቀንሷል። የጨረሳቸው ፊልም አይደለም፤ ከልክ ያለፈ ዓሣ ማጥመድ ነው። ግን ማን አዘነላቸው? ሰው የሚያዝነው መልኩን ለሚያውቀው ነው፤ የሻርክን መልክ ደግሞ ያሳወቀን ያ ማሽን ነበር።

በበኩሌ ዘንዶ ለሚሠራ፣ ባለ ሰባት ራስ የባሕር አውሬ ለሚፈጥር ቀራፂ ክስ የለኝም። የሚታየውን ዓሣ ጠልቆ አይቶ ለሚሠራውም ምስጋና እንጂ ክስ የለኝም። ቅር የምሰኝበት መካከለኛው ነው፤ ግምቱን በእውቀት ቀለም የሚቀባው። በ1999 ቢቢሲ ያሳየው ‘ዎኪንግ ዊዝ ዳይነሰርስ’ የተባለ ተከታታይ ፊልም ሊዮፕሉሮዶን የተባለውን ከሚሊዮን ዓመታት በፊት የጠፋ የባሕር አዳኝ 25 ሜትር ርዝመት ሰጥቶት ነበር። ዛሬ በቅሪተ አካሉ ላይ ተመሥርቶ የሚሰጠው ግምት ከ6 እስከ 7 ሜትር ነው። መሳሳት ያለ ነው፤ ሳይንስም የሚሄደው እየተሳሳተ ነው። ግን በአጥንት የታወቀውና በይመስለኛል የተጨመረው በአንድ ቆዳ፣ በአንድ ብርሃን፣ በአንድ ተራኪ ድምፅ ነበር የቀረበው። ተመልካች የቱ ጋ እንደሚጠራጠር በምን ያውቃል?

ለዚህ መልስ ስፈልግ ኮምፒዩተር ያልነበራቸው አባትና ልጅ ትዝ ይሉኛል። ሊዮፖልድ ብላሽካ የቦሄሚያ መስታወት ሠሪ ነበር። በ1853 ወደ አሜሪካ ሲጓዝ ነፋስ ጠፍቶ መርከቧ ባሕር መካከል ቆመች፤ ሌሊት ሌሊት ውኃው ውስጥ የሚያበሩ ጄሊፊሾችን ሲያይ አመሸ። ከ1863 ጀምሮ በድሬስደን ከተማ፣ በኋላም ከልጁ ከሩዶልፍ ጋር፣ አጥንት የሌላቸውን የባሕር ፍጡራን በመስታወት ይሠራ ገባ። ምክንያቱ ቀላል ነበር፤ እነዚህ ፍጡራን በአልኮል ሲቀመጡ ቀለማቸው ይጠፋል፣ ቅርፃቸው ይሟሽሻል፤ ሙዚየሞች የነበራቸው የብሎብፊሹ ዓይነት ሬሳ ነው። መጀመሪያ አባትየው ከመጽሐፍ ሥዕል ይቀዳ ነበር። ይህ አላረካውም። በኋላ ሕያዋኑን ከባሕር እያስመጡ፣ ቤታቸው በውኃ ገንዳ እያኖሩ፣ እያዩ ይሠሩ ጀመር።

የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በ1885 ከ500 በላይ የሚሆኑትን ገዛ። ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ በዚያው ዩኒቨርሲቲ የባሕር ሕይወት ተመራማሪ የሆኑት ድሩ ሃርቬል እነዚያን የመስታወት ቅርጾች እንደ ጠፋ ሰው ፎቶግራፍ ይዘው፣ ሕያዋን አምሳያዎቻቸውን ፍለጋ በልዩ ልዩ ባሕሮች ጠለቁ፤ በ2016 ስለዚሁ መጽሐፍ አሳተሙ። አንዳንዱን አገኙት፤ አንዳንዱ ግን እንደ ቀድሞው በቀላሉ የሚገኝ አልሆነም።