ማሊያውን ለቀደዳችሁት

ተቀመጡ። ስልካችሁንም ኪሳችሁ ክተቱ። ዛሬ የምትሰሙት እኔን ነው።

ነሐሴ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ ዲኤስቲቪ ቤቱ ውስጥ፣ በሩ አጠገብ፣ የለስላሳ ሣጥን ገልብጬ ተቀምጬ ነበር። አላያችሁኝም፤ ዓይናችሁ ሁሉ ካይሮ ነበር። መሐመድ ሳላህ ፍጹም ቅጣት ምቱን ሲያስቆጥር ያ በዕድሜ ከሁላችሁም የሚያንሰው ልጅ ሳያስበው አንድ ጊዜ አጨበጨበ። የለበሰው የሊቨርፑል ማሊያ ነው፤ ጀርባው ላይ የሳላህ ስምና 11 ቁጥር አለበት። ዓመቱን ሙሉ ለዚሁ ሰውዬ ግማሻችሁ ወንበር ላይ ወጥታችሁ ስትጨፍሩ ከርማችኋል። የዚያን ዕለት ግን «ባንዳ!» ብላችሁ ተነሣችሁበት። አንዱ ኮሌታውን ያዘ፣ ሌላው ከወገቡ ጎተተ። ጨርቁ ሲተረተር ሰማሁ። 11 ቁጥሩ መሀል ለመሀል ተከፍሎ አንዷ አንድ በግራ፣ አንዷ በቀኝ ቀረች። ልጁ አላለቀሰም። ብጫቂውን ደረቱ ላይ ሰብስቦ ሲወጣ በአጠገቤ አለፈና «ደህና ይደሩ አባባ» አለኝ። እዚያች ላይ ነው ያፈርኩት። በእናንተም፣ ተነሥቼ ባለመጮኼ በራሴም።

«ባንዳ» የምትለዋን ቃል ማን አስተማራችሁ? እኔ የተወለድኩት ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው፤ ቃሏን የሰማኋት ከአባቴ አፍ ነው። እርሱ አምስቱን ዓመት ዱር ለዱር የኖረ፣ ታላቅ ወንድሙ የተገደለበት ሰው ነበር። ቃሏን ሲያወጣት ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር፤ እናቴም እኛን ከክፍሉ ታስወጣን ነበር። እናንተ ለአንዲት ጭብጨባ መዘዛችኋት።

ስለዚያ ሰው ልንገራችሁ፤ ስለ አባቴ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ እሑድ፣ የቃና ዘገሊላ ማግስት ነው። 13 ዓመቴ ነበር። እጄን ይዞ ካምቦሎጆ ወሰደኝ፤ ስታዲየሙን ያኔ እንዲያ ነበር የምንለው። የሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ፣ ኢትዮጵያና ግብፅ። ሁለት ጊዜ መሩን፣ ሁለት ጊዜ ደረስንባቸው። መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር ሁለተኛውን ያገባው አምበላችን ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው። በተጨማሪው ሰዓት ታናሽ ወንድሙ ኢታሎ አንድ ጨመረ፤ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ደገመና 4 ለ 2 አለቀ።

የቫሳሎ ልጆች አሥመራ የተወለዱ፣ እናታቸው ኤርትራዊት፣ አባታቸው ጣሊያናዊ ናቸው። ጣሊያን ከአዲስ አበባ ከወጣ 21 ዓመት እንኳ አልሞላውም። እና ያ ወንድሙን ጣሊያን የገደለበት አባቴ፣ የጣሊያን ልጅ ጎል ሲያገባለት ምን ያደረገ ይመስላችኋል? ባርኔጣውን ወደ ሰማይ ወረወረው። ወርውሮም አላገኘው። ባዶ ራሱን ቤት ገባ። እናቴ «ባርኔጣህስ?» ስትለው፣ «ለሉቺያኖ ሰጠሁት» አላት። ጃንሆይ ዋንጫውን በእጃቸው ያስጨበጡትም ይህንኑ ሉቺያኖን ነው። ባንዳነትን ከእናንተ ይልቅ የሚያውቀው ያ ሰው በዚያ ቀን ማንንም ባንዳ አላለም።

ዋንጫው ራሱ በማን ስም እንደሚጠራ ታውቃላችሁ? በዓብዱል አዚዝ ዓብደላህ ሳሌም። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት፣ ግብፃዊ። አገር የጨፈረበት፣ አያቶቻችሁ እንባ ያፈሰሱበት የብር ዋንጫ የግብፃዊ ስም የተሸከመ ነበር። ያኔ ማንም «ስሙን ፋቁት» ያለ አልሰማሁም።

ፉክክሩን አልነቅፍም። ያን ዕለት ጉሮሮዬ እስኪዘጋ የጮኽኩ ሰው ነኝ፤ ለግብፅ በረኛ ያልኩትንም ዛሬ አልደግመውም። የምቆጣችሁ ከየት እንደመጣ ሳታውቁ ስለተሸከማችሁት ነው። ጥሉን ወረሳችሁ፣ ታሪኩን ግን አልወረሳችሁም።

የኳሱ ነገር የተጀመረው ቀላል በሆነ ምክንያት ነው፤ ሌላ ተጋጣሚ አልነበረም! በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የተሰበሰቡት ሱዳን፣ ግብፅ፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ናቸው። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም በማለቷ ከውድድሩ ወጣች፤ የእኛ ተጋጣሚ ደግሞ እርሷ ነበረች። ስለዚህ አንዲት ኳስ ሳንመታ ለፍጻሜ ደረስን። (ይህን ስታወሩ አልሰማም።) በፍጻሜውም ግብፅ 4 ለ 0 አለበሰችን። ከሁለት ዓመት በኋላ ካይሮ ላይ እነዚያው ሦስት አገሮች ተገናኙ፣ ግብፅም እንደገና 4 ለ 0 አሸነፈችን። በሁለት ጨዋታ ስምንት ጎል። የ1954ቱ ደስታ ያን ያህል የጣፈጠው ስምንቱን ጎል ውጠን ስለቆየን ነው። ሦስት ቤተሰብ ብቻ ያለበት መንደር ውስጥ ከማን ጋር ልትፎካከር ነው?

ከኳሱ በፊት ደግሞ ሌላ ሸክም አለ። በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራ ላይ አፄ ዮሐንስ የከዲቩን ጦር መትተዋል። በሌላ በኩል ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ጳጳሳችን ከግብፅ ነበር የሚመጣው። ይህን አስተውሉ፦ በግንቦት 1951 ዓ.ም. ካይሮ ላይ አራት ጎል ገባብን፤ በሰኔ፣ በዚያው ዓመት፣ በዚያው ከተማ፣ አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፓትርያርክ ሆነው ተሾሙ። አንዱ ወር ሽንፈት፣ ሌላው ወር በረከት፣ ከአንድ ከተማ። ዓባይን አልጨመርኩም፤ እርሱን ታውቁታላችሁ። ከሩቅ ሰው ጋር ማን ይቀናናል? እስቲ ከፓራጓይ ጋር የተጣላ አንድ ኢትዮጵያዊ አምጡልኝ። ድንበርተኛ፣ ውሃ ተካፋይ፣ አማች፣ አበ ልጅ፤ ሰው የሚፎካከረው ከእነዚህ ጋር ነው። ለዚህም ነው የእንዲህ ዓይነቱ ጠብ መጥፎነቱ፤ ስለ ወንድምህ የምታውቀው ብዙ ስለሆነ የምትሰድበውም አታጣም።

አልጄሪያንና ግብፅን ተመልከቱ። አልጄሪያ ለነጻነቷ ከፈረንሳይ ጋር ስትዋጋ ድምፅ የሆናት የካይሮ ሬዲዮ ነበር። ነጻ ስትወጣም በአልጄሪያ ትምህርት ቤቶች ዐረብኛ ያስተማሩት ብዙዎቹ ግብፃውያን ናቸው። የተማሪና የአስተማሪ ዝምድና ነው። ውለታ ደግሞ ከባድ ነገር ነው፤ የዋለው አይረሳውም፣ የተዋለለት ሲነሣበት ይከፋዋል። በ1989 በፈረንጆቹ፣ ለዓለም ዋንጫ ለማለፍ ካይሮ ላይ ሲጫወቱ ጠቡ እስከ ደም ደረሰ። 20 ዓመት ቆይቶ በኅዳር 2009 እንደገና ተገናኙ። የአልጄሪያ ተጫዋቾች አውቶቡስ ካይሮ ውስጥ በድንጋይ ተመታ፤ የተጫዋች ራስ ተፈነከተ። ግብፅ በጭማሪ ደቂቃ ባገባችው ጎል 2 ለ 0 አሸንፋ ነጥቡም ጎሉም እኩል ሆነ። መለያው ጨዋታ ከአራት ቀን በኋላ ሱዳን፣ ኦምዱርማን ላይ ተደረገ። ሱዳን በሁለቱ መካከል እንደ ሽማግሌ ተቀመጠች፤ ፖሊሷን በሺህ በሺህ አሰልፋ። አንታር ያህያ ለአልጄሪያ አገባ፣ 1 ለ 0። አለቀ።

የት አለቀ! ግብፅ አምባሳደሯን ከአልጀርስ ጠራች። አልጀርስ ውስጥ ገና ከመለያው ጨዋታ በፊት የግብፅ ስልክ ኩባንያ ቢሮዎች ተዘርፈው ነበር፣ ካይሮ ውስጥ ደግሞ ወጣቱ ወደ አልጄሪያ ኤምባሲ ተመመ። የሙባረክ ሁለት ልጆች ስታዲየሙ ውስጥ ነበሩ፤ አንደኛው ቴሌቪዥን ላይ ስልክ ደውሎ ስለ ግብፅ ክብር ተንገበገበ። ድፍን አገር አጨበጨበለት። ልብ በሉ፤ በዚያ ሰሞን ሥራ ያጣው፣ ዳቦ የተወደደበት፣ ፖሊስ የሚያዋርደው የካይሮ ወጣት ንዴቱን የሚያፈስበት ተፈቅዶለት የማያውቅ ሲሆን፣ ያን ሳምንት ግን «ጩኽ» ተባለ። ወደ አልጄሪያ ዞሮ መጮኽ አያሳስርም ነበር። ከ14 ወር በኋላ ያው ወጣት ታሕሪር አደባባይ ሲወጣ ስለ ኳስ አንዲት ቃል አልተናገረም፤ የጠራው የልጆቹን አባት ስም ነበር።

ከዚህም የከፋ አለ። ኤል ሳልቫዶርና ሆንዱራስ የሚባሉ ጎረቤታሞች በመካከለኛው አሜሪካ አሉ። ኤል ሳልቫዶር ጠባብ አገር ናት፤ መሬቱን ጥቂት ባላባቶች ይዘውታል፤ ገበሬው ተጨናንቆ ድንበር እየተሻገረ አምስት እጥፍ በምትሰፋው በሆንዱራስ መሬት ሰፈረ፤ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው። ሆንዱራስ የመሬት ሕግ ስታወጣ ለራሷ ድኻ የምትሰጠውን ከየት አመጣች? ከባላባቷ አልነካችም፣ ሰፋሪውን አባረረች። የእኔ ትውልድ «መሬት ላራሹ» ሲል ያደገ ነው፤ ይህን ታሪክ ሳነብ ማን እንዳተረፈ ለመረዳት መዝገበ ቃላት አላስፈለገኝም። ተባራሪው በየመንገዱ እየተጎተተ ወደ አገሩ በሚመለስበት በ1969 በፈረንጆቹ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ አገናኛቸው። እንግዳው ቡድን እንዳይተኛ ሕዝቡ ሌሊቱን ሙሉ ከሆቴሉ ሥር ሲጮኽ አደረ፤ በሁለቱም አገር። ቴጉሲጋልፓ ላይ አንዷ፣ ሳን ሳልቫዶር ላይ ሌላዋ አሸነፈች። መለያው ሜክሲኮ ሲቲ ላይ በተጨማሪ ሰዓት 3 ለ 2 ለኤል ሳልቫዶር ሆነ። ሁለት ሳምንት ተኩል ያህል ቆይቶ የኤል ሳልቫዶር ጦር ድንበር ጥሶ ገባ። አራት ቀን፣ በሺህ የሚቆጠር ሬሳ።

ካፑሺንስኪ የሚባል የፖላንድ ጋዜጠኛ፣ ያ ስለ ጃንሆይ ቤተ መንግሥት የጻፈው፣ መጽሐፉን «የእግር ኳስ ጦርነት» አለው፤ ስሙም ተጣብቆ ቀረ። ስም አወጣጥ ያውቃል፤ ግን በዚህ ስም ባላባቱ ነጻ ወጣ፣ ኳሷ ተከሰሰች። የሰላም ውሉን የፈረሙት በ1980 ነው። ሜክሲኮ ላይ ያን ሁሉ ሕዝብ ያሰከረው ቡድንስ? በ1970 ዓለም ዋንጫ ገብቶ ሦስቱንም ጨዋታ ተሸነፈ፤ አንዲት ጎል እንኳ አላገባም።

ወደ እናንተ ልመለስ። ያን ማታ 2 ለ 0 ተሸነፍን። ከአራት ቀን በኋላ፣ ጳጉሜን 4፣ የዓባይ ግድብ ተመረቀ። የሳላህ ጎል የትኛውን ተርባይን አቆመች? ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍስ ዓባይ አንድ ጣሳ ጨመረ? ያን ጨዋታ የት እንደተጫወትነው ደግሞ ረስታችኋል። ሊሎንግዌ፣ ማላዊ። የሜዳችን ጨዋታ ነበር፤ ካፍ የሚቀበለው ሜዳ አገራችን ውስጥ ስላልነበረ ሰው አገር ሄደን «እንግዳ ተቀበልን»። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የእኛ ተራ ሲደርስ ካዛብላንካ ነው የተጫወትነው። ወንድ ከሆናችሁ በዚህ ተናደዱ! ልጆች የሚጫወቱበትን ሜዳ ማን አጥሮ እንደወሰደው ጠይቁ። ይህ ግን ከልጅ ማሊያ ይከብዳል፤ ባለቤት አለው፣ ዘበኛ አለው።

በ1954 ዓ.ም. ግብፅን ያሸነፈውን ቡድን ያሠለጠነው ይድነቃቸው ተሰማ ነው። ይኸው ሰው ኋላ ከ1964 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስ፣ 15 ዓመት፣ የአፍሪካን እግር ኳስ መራ። የመሥሪያ ቤቱ መቀመጫ የት ነው? ካይሮ። ሜዳ ላይ አሸነፋቸው፤ ከዚያ አብሯቸው ተቀመጠና ዘረኛዋን ደቡብ አፍሪካ ከደጅ አስቀራት። አንዱ ሌላውን አልከለከለውም።

አንተ፣ ኮሌታውን የያዝከው፣ ቀና በል። መሬቱን ማየትህን ተው።

ማሊያውን በማግስቱ ከእናቱ ተቀብዬዋለሁ፤ ይኸው በፌስታል። ልብስ ሰፊው አይቶታል። 11 ቁጥሩን መልሶ ያጋጥመዋል፣ ስፌቱ ግን እንደሚታይ ነግሮኛል። ሒሳቡን እናንተ ትካፈሉታላችሁ፤ እኔ አንዲት ሳንቲም አላዋጣም። ቅዳሜ ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት ይዛችሁለት ትሄዳላችሁ። በሩን አንኳኩታችሁ መጀመሪያ እናቱን ሰላም በሉ፣ ጫማችሁን አውልቃችሁ ግቡ፣ ቡና ካቀረበችላችሁም እስከ በረካው ተቀመጡ። እኔ ማዶ ካለችው ሱቅ ደጃፍ ሆኜ አያችኋለሁ።