መኪና መንዳትን ስለ መፍራት

አንባቢ ሆይ፥ በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ለአገሩ እንግዳ በሆነችው አውቶሞቢል ተሳፈሩ። አንተ ግን የመንጃ ፈቃድ በኪስህ ሳለ፥ በሰበታ መንገድ የጭነት መኪና ባየህ ጊዜ እጅህ ይንቀጠቀጣል፤ የታመመች እናትህም ሐኪም ቤት የሚያደርሳት አጥታ ትቀመጣለች። ፍርሃት ኃጢአት አይደለም፤ ለሰው የተሰጠ ዘበኛ ነውና። ዘበኛው የቤቱ ጌታ ሲሆን ግን ክፉ ነው። ከመሪው በሸሸህ ቍጥር ልብህ ለጊዜው ያርፋል፤ ፍርሃቱ ግን በርትቶ ይመለሳል። ስለዚህ መንገዱ ጭር ባለ ጊዜ ከታጋሽ አስተማሪ ጋር ጥቂት ንዳ፤ ልብህ እስኪረጋ ድረስም አትውረድ፤ በማግሥቱም ድገም። ከእንጦጦ ወደ ሱሉልታ የሚወርደውን ቍልቍለት ለኋላ አቆየው፤ በዚያም በከባድ ማርሽ ውረድ እንጂ በፍሬን ብቻ አትታመን። ከኋላህ ጥሩምባ የሚነፋብህ አይጠፋም፤ ዳር ይዘህ አሳልፈው።