ትክክል ከሆነ ለምን ዋሸ?

ባለፈው ቅዳሜ ከአየር ጤና ወደ ቤቴ ስመለስ ዝናብ ያዘኝና አንዲት ጀበና ቡና የምታፈላ ልጅ ዘንድ፣ ላስቲኩ ስር ተጠለልኩ። ሦስት ወጣቶች በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይጨቃጨቃሉ። የኳስ ነገር መስሎኝ ነበር። ለካስ የዞምቢ ነው!

ለማታውቁት ላስረዳ። «ዘ ዎኪንግ ዴድ» የሚባል የአሜሪካ ተከታታይ ፊልም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ተጀምሮ በ2022 እስኪያበቃ 11 ሲዝን የዘለቀ። ሙታን እየተነሱ ሕያዋንን ይበላሉ። ልጆቻችን በፍላሽ እያስጫኑ ሌሊቱን ሲያነጉበት የኖሩት ፊልም ነው። በሁለተኛው ሲዝን ካርል የሚባል ልጅ በጥይት ይቆስላል። የመታው ኦቲስ ነው፤ አጋዘን ሲያድን፣ በስህተት። ልጁን ለማትረፍ የሕክምና ዕቃ ያስፈልጋል። ኦቲስና የልጁ አባት ጓደኛ ሼን ሄደው ዕቃውን ያገኛሉ። ሲመለሱ ግን ዞምቢዎቹ ተከተሏቸው። ሁለቱም ያነክሳሉ፤ ጥይታቸው ሊያልቅ ነው። ሼን የኦቲስን እግር በጥይት መታና ለበላተኞቹ ጥሎት አመለጠ። ልጁም ዳነ።

«ባይመታው ሁለቱም ያልቁ ነበር፤ ልጁም ይሞት ነበር። ሒሳብ ነው!» ይላል አንደኛው።

«ኦቲስ ሰው እንጂ ቁጥር ነው እንዴ? ለምን የራሱን እግር አልመታም?» ይላል ሁለተኛው።

ሦስተኛው ወደ እኔ ዞረ። «ጋሼ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?»

የድሮ መምህር ይህን ጥያቄ ሲሰማ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ቡናዬን አስቀምጬ ሌክቸሬን ጀመርኩ። እ.ኤ.አ. በ1884 «ሚኞኔት» የምትባል የእንግሊዝ ጀልባ ሰጠመች። አራት ሰዎች በትንሽ ታንኳ ውቅያኖስ ላይ ቀሩ። ረሃቡ ሲጠናባቸው ካፒቴኑ ደድሊና ባልደረባው ስቲቨንስ የ17 ዓመቱን ሠራተኛ፣ ሪቻርድ ፓርከርን፣ ገድለው በሉት። በሌላ መርከብ ተርፈው አገራቸው ሲገቡ ያደረጉትን አልደበቁም፤ በገዛ አፋቸው ተናገሩ። ፍርድ ቤቱም ችግር መግደልን አያጸድቅም ብሎ ሞት ፈረደባቸው፤ ቅጣቱ ግን ወደ ስድስት ወር እስራት ዝቅ አለ። «የእኛም ሰው ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይላል፤ ሒሳብ ያልከው ነገር ሁልጊዜ ለሒሳብ ሠሪው ነው የሚያደላው» ብዬ ደመደምኩ። ወጣቶቹ በአክብሮት ዝም አሉ። እኔም ደስ አለኝ።

ይኼኔ ቡና የምትቀዳው ልጅ፣ ቀና እንኳን ሳትል፣ «ትክክል ከሆነ ታዲያ ለምን ዋሸ?» አለች።

እውነቷን ነው። በኦቲስ መታሰቢያ ላይ ሚስቱ ሼንን እንዴት እንደሞተ ንገረን ብላ ትለምነዋለች። እሱም ኦቲስ ራሱን ለልጁ መሥዋዕት እንዳደረገ አድርጎ ተናገረ። ሰዉም ተጽናና።

ዝናቡ ሳያባራ ተነስቼ ሄድኩ። ልጅቷ ሳታውቅ የነካችው እኔን ነውና።

ኮሮና አገራችን መግባቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። በዓመቱ፣ በሚያዝያ 2013 ወረርሽኙ እንደገና ሲበረታ አንድ ማታ ጎረቤቴ ደወለ። ትንፋሹ እየተቆራረጠ «ወንድሜ፣ ሐኪም ቤት አድርሰኝ» አለኝ። ቤቴ ውስጥ አሮጊት እናቴ ነበሩ። «መኪናዬ ተበላሽታለች» አልኩት። አልተበላሸችም። በስንት መከራ በተገኘ ታክሲ ሄደ፤ በአራተኛው ቀን ሞተ። ባለቤቱም «አንተ ጽሑፍ ታውቃለህ» ብለው የሕይወት ታሪኩን እንድጽፍ ለመኑኝ። ጻፍኩ። «ጎረቤቶቹ እስከ መጨረሻዋ ሰዓት አልተለዩትም» ብዬ ጻፍኩ። በቀብሩ ላይ ተነበበ። ያለቀሰም ነበር።

እናቴን ልጠብቅ ማለቴ ስህተት ነው ወይ? ዛሬም መልስ የለኝም። በጭንቅ ሰዓት የወሰነን ሰው፣ ሼንንም ቢሆን፣ ቡና እየጠጡ መፍረድ ይከብደኛል። ያን ወረቀት የጻፍኩት ግን በጭንቅ አልነበረም። ጠረጴዛ ላይ፣ ሻይ ይዤ፣ ቃል እየመረጥኩ ነው። ሁለቱ መርከበኞች የሠሩት እጅግ የከፋ ነበር፤ ሆኖም ሟቹን እንዴት እንደሞተ አልነፈጉትም።

በማግስቱ እሑድ ሄድኩ። «እትዬ፣ ያን ቀን መኪናዬ ደህና ነበረች» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። በማግስቱ ስታወጣት አይቼሃለሁ» አሉኝ።

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«በመኪናዋ አልተቀየምኩም። እናት ነበሩህ፤ እኔም ብሆን እንጃ። ያንገበገበኝ ወረቀቱ ነው። ከሞቱ አሟሟቱ ይባላል። ሰውዬው ሰው አጥቶ ነው የሞተው። አንተ ግን ሰው ሞልቶት ሞተ አልክ። ያችኑ እንኳን ወሰድክበት።»

የምመልሰው አልነበረኝም። ቡና አፈሉልኝ፤ ጠጣሁ። ስወጣ ይህን ልጻፈው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ጻፈው» አሉ። «አሁን ግን እንደሆነው አድርገህ ጻፈው።»