ቦታው የማን ነበር?

በቅርጫት ኳስ ዳኝነት ከባዱ ፍርድ ኳስ ይዞ የሚገሰግስ አጥቂና መንገዱ ላይ የቆመ ተከላካይ ደረት ለደረት ሲጋጩ ጥፋቱ የማን እንደሆነ መለየት ነው። ሁለቱም ይወድቃሉ፣ ፊሽካ ይነፋል። ተከላካዩ መንገድ ዘግቶ ከሆነ ፋውሉ የእሱ ነው። አጥቂው ገፍቶት ከሆነ ደግሞ ዳኛው የጨበጠውን እጁን በሌላኛው መዳፉ ላይ መትቶ ፋውሉን በአጥቂው ላይ ያስመዘግባል፤ ኳሱም ለተጋጣሚ ይሰጣል። ያው ግጭትና ያው አወዳደቅ አጥቂውን በአንዱ ፍርድ በዳይ፣ በሌላው ተበዳይ ያደርገዋል። ስለዚህ መልሱን ከግጭቱ ብቻ የሚፈልግ ዳኛ አያገኘውም፤ መልሱ ያለው ከግጭቱ ቀደም ባለችው ቅጽበት ነው።

አማርኛ የችሎቱንም የሜዳውንም ሰው «ዳኛ» ይላል፤ አጠራሩም ትክክል ነው፣ ሁለቱም የሚመረምሩት የመብት ጥያቄ ነውና። «ጥፋት» የሚለው ቃል ግን ሊያሳስት ይችላል። ጥፋት ሲባል ክፉ ሐሳብ አብሮ ይታሰባል፤ በዚህ ጨዋታ ግን ማንንም ለመጉዳት ያላሰበ ተጫዋችም ጥፋተኛ ይሆናል። ይህ ከመጀመሪያው የነበረ ነው። ሥነ መለኮት ያጠናው ካናዳዊ መምህር ጄምስ ናይስሚዝ በ1891 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ስፕሪንግፊልድ ከተማ፣ በወወክማ ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ጨዋታውን ሲፈጥር 13 ሕጎች ጻፈ። አምስተኛው ሕግ በትከሻ መግፋትን፣ መያዝን፣ መገፍተርን፣ መጥለፍንና መምታትን ይከለክላል። ሁለተኛ ጊዜ ያጠፋ ተጫዋች ቀጣዩ ጎል እስኪገባ ይወጣል፤ የመጉዳት ሐሳቡ ግልጽ ከሆነ ግን እስከ ጨዋታው መጨረሻ አይመለስም። ሐሳብ የቅጣቱን ክብደት ይወስናል፤ ጥፋት መኖር አለመኖሩን ግን አይወስንም። በእነዚያ ሕጎች ዳኞቹም ሁለት ነበሩ፤ አንዱ ኳሱን፣ ሌላው ሰዎቹን ይዳኝ ነበር።

ናይስሚዝ ኳስ ይዞ መሮጥን የከለከለው ሯጩን ለማስቆም ሲባል የሚመጣውን መተናነቅ ለማስቀረት ነበር። ኋላ ላይ ኳስ እያነጠሩ መሄድ ሲለመድ ኳሱ እንደገና ከሰው ጋር መጓዝ ጀመረ፤ የመንገዱም ጥያቄ ተመልሶ መጣ።

የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን የፊባ ሕግ ለዚህ የሚሰጠው መልስ በተጫዋቹ ዙሪያ እንዳለ የሚታሰብ የማይታይ ሲሊንደር ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች የቆመበትን ወለልና ከራሱ በላይ ያለውን አየር የራሱ አድርጎ ይይዛል፤ ያልተያዘ ቦታ ደግሞ ቀድሞ ለደረሰበት ነው። ኢማኑኤል ካንት በ1797 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሕግ ፍልስፍናው ሰው ምንም ነገር የእኔ ከማለቱ በፊት ተፈጥሮ ወይም አጋጣሚ ባኖረው ስፍራ የመገኘት መብት እንዳለው ይሟገታል። ሲሊንደሩ የዚህ ሐሳብ የሜዳ ቅርጽ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አካል ያለው ሁሉ የሆነ ቦታ መቆም አለበት፤ ቦታው ከተነፈገው ሰውየው ራሱ ተነፍጓል።

ተከላካዩ መብቱን የሚያገኘው ፊቱን ወደ አጥቂው አዙሮ ሁለት እግሩን መሬት ሲያስነካ ነው። ከዚያ በኋላ ሐውልት ሆኖ መቆም አይጠበቅበትም። ተመልካች «ተንቀሳቅሷል!» እያለ ሲጮህ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል፤ ተከላካዩ አጥቂውን ፊት ለፊት እንደያዘ ወደ ጎንና ወደ ኋላ መሄድ ይፈቀድለታል፣ ግጭቱ ደረቱ ላይ እስካረፈ ድረስም ፋውሉ የአጥቂው ነው። ኳስ የያዘ ሰው ደግሞ በማንኛውም ቅጽበት ሰው ሊገጥመው እንደሚችል ማወቅ ስላለበት ርቀት አይጠበቅለትም። ኳስ ላልያዘው ግን ቢያንስ አንድ እርምጃ ይተውለታል።

ጉዳዩ የሚጠልቀው አጥቂው ሲዘል ነው። እግሩ ከወለሉ ከተላቀቀ በኋላ መቆምም መታጠፍም አይችልም፤ የመምረጥ ኃይሉን መሬት ላይ ትቶት ወጥቷል። ሕጉ ይህን ያያል። ሲነሳ መንገዱና የሚያርፍበት ቦታ ባዶ ከነበረ፣ እሱ አየር ላይ ሳለ ከሥሩ የገባው ተከላካይ ጥፋተኛ ነው፤ ተከላካዩ ቀድሞ ቆሞ ከነበረ ግን አጥቂው የዘለለው እያየ ነውና ተጠያቂው እሱ ነው። ኃላፊነት ምርጫ በነበረበት ሰዓት ይለካል። በዚህ ነጥብ የጨዋታው ሕግ ከብዙ የሥነ ምግባር መጻሕፍት ይልቅ ግልጽ ነው።

ቀድሞ የመድረስ መብት ግን ገደብ አለው። ከቅርጫቱ ሥር 1.25 ሜትር ራዲየስ ያለው ግማሽ ክብ ተሰምሯል፤ እዚያ የቆመን ተከላካይ ሊያገባ ወይም ሊያቀብል ዘሎ የገጨ አጥቂ እጁን፣ እግሩን ወይም አካሉን ያለ አግባብ ካልተጠቀመ በቀር ፋውል አይቆጠርበትም። በአሜሪካው ሊግ በኤንቢኤም ተመሳሳይ መስመር ከ1997–98 የውድድር ዓመት ጀምሮ አለ። ቅርጫት ሥር ቆሞ ገጪ መጠበቅ መከላከል አይደለም።

ንክኪ ሁሉም ፋውል አይደለም። ፊባ ዳኛው ንክኪው ለማን ጥቅም፣ ለማን ጉዳት እንዳመጣ እንዲመዝን ያዝዛል። አርስቶትል በኒቆማኪያ ሥነ ምግባሩ አምስተኛ መጽሐፍ፣ ሕግ በጥቅሉ ስለሚናገር ሊደርስበት ያልቻለውን ነጠላ ጉዳይ የሚያቃና ርትዕ ያስፈልጋል ያለው ይህንኑ ነው። አንዳንዱ ከዚህ ተነስቶ «እንግዲያው ፋውል ማለት ዳኛው ፋውል ያለው ነው» ይላል። የሕግ ፈላስፋው ኤች ኤል ኤ ሃርት በ1961 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፉ ይህን አመለካከት የጨዋታ ዳኛን ምሳሌ አድርጎ ይሞግታል፤ ውሳኔው የመጨረሻ መሆኑ ከስህተት ነጻ አያደርገውም። ዳኛው የሚዳኘው ከእሱ ውጭ ባለ ሕግ ስለሆነ ነው «ተሳስቷል» ማለት ትርጉም የሚኖረው።

ስለዚህ ጥሩ ዳኛ ዓይኑን የሚጥለው አጥቂው ላይ ሳይሆን ተከላካዩ ላይ ነው፤ እግሩ መቼ እንዳረፈ፣ ደረቱ የት እንደነበር ከግጭቱ በፊት ያያል። አወዳደቅ ማስረጃ አይሆንም። ሳይነካ ተገፋሁ ብሎ የሚዘረር ተጫዋች የሚያታልለው የዳኛውን ዓይን ነው፤ በፊባ ሕግም ማስመሰል በቴክኒካል ፋውል ያስቀጣል። ኤንቢኤ ከ2019–20 ጀምሮ አሠልጣኝ ፋውልን በቪዲዮ እንዲያስመረምር ፈቅዷል። ምስሉ እግር መስመር መርገጡንና አለመርገጡን ያሳያል፤ ትከሻ ከደረት ጋር በተገናኘበት ፍሬም ላይ ቆሞ የመንገዱን ባለቤት የሚለየው ግን አሁንም ዳኛው ነው።