«አትጨነቂ»

ለነፍሰ ጡር ከሚለገሱ ምክሮች ሁሉ እንደ «አትጨነቂ» የረከሰ አላውቅም። አንዋር መስጊድ አካባቢ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት የምትቸረችር እርጉዝ «ለልጅሽ ስትይ አትጨነቂ፣ ልጄ» ስትባል «እሺ እማማ» ትላለች። ምን ትበል? የቤት ኪራዩን የከፈለላት የለም።

ምክሩ መሠረተ ቢስ ነው አልልም። እ.ኤ.አ. በ1944-45 ክረምት ሆላንድ ውስጥ ረሃቡ በበረታባቸው ወራት የተፀነሱ ልጆች፣ አድገው ለስኪዞፍሬኒያ የመጋለጥ ዕድላቸው የሌላው እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። ያ ግን ረሃብ ነው፤ ጭንቀት ብቻውን አይደለም። የብዙ መርካቶ ነጋዴ ዘመድ ባለበት በቡታጅራ ደግሞ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ከአንድ ሺህ በላይ ነፍሰ ጡሮች ተጠንተዋል። ጭንቀትና ድባቴ የበረታባቸው ዘንድ የተራዘመ ምጥና የዘገየ ጡት ማጥባት በዝቶ ታየ፤ የሕፃናቱ የልደት ክብደት ግን ከዚሁ ጋር ተያይዞ አልተገኘም። በሌላው ዓለም የተደረጉ ጥናቶች በእርግዝናዋ እጅግ የተጨነቀች እናት ልጅ ለስሜትና ለጠባይ ችግር ይበልጥ እንደሚጋለጥ ያሳያሉ። አብዛኞቹ ልጆች ግን ደህና ያድጋሉ።

ታዲያ ልጁ ነገ ቢረበሽ ጣት የሚቀሰረው ወዴት ነው? ወደ እናቱ! አባቶቻችን (ይልቁንም እናቶቻችን) በአምሮት ጉዳይ የተሻለ ፈርደዋል። ወጥ የሸተታት እርጉዝ ሳትቀምስ ብታልፍ የሚወቀሰው ባለ ድስቱ እንጂ እሷ አይደለችም።

አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለተቀጠረች ሴት ከወሊድ በፊት 30፣ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዟ ይሰጣል። ጉሊት ቀጣሪ የለውም። እድራችን ለሟች ድንኳን ይተክላል፤ ለምትወልድ ሴት ግን አርባ ቀን መደቧን የሚጠብቅላት ሰው ሲመድብ አላየሁም። ሰብሳቢዎቹን ብጠይቅ «ደንቡ ላይ የለም» ይሉኝ ይሆናል።